የካቸር መልማይ ሆኜ የዋልኩባት ቅዳሜ

ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ የፈጠረው ሰውዬ፣ ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ የሚያስቸኩል ጉዳይ እንዳልነበረው እርግጠኛ ነኝ። ዘጠኝ ሰው ሜዳ ላይ በትኖ ያቆማል፤ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይስታል፣ የቀሩት ሣር እያዩ ይተክዛሉ። እግር ኳስ እያየን ያደግን ሰዎች ለእንዲህ ያለ ነገር ትዕግሥት የለንም። ሰው ካልሮጠ፣ ዳኛ ካልተሰደበ ምኑን ጨዋታ ሆነው? እግዜር ግን ሰውን በናቀው ነገር መቅጣት ያውቅበታል። እኔን በልጄ በኩል መጣብኝ።

ልጄ ናሆም አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሲያትል ተወልዶ ሲያትል ያደገ፣ በአማርኛ ስትቆጡት በእንግሊዝኛ የሚመልስ፣ ከዚያ በቀር እንከን የሌለው ልጅ ነው። የቡድኑ ካቸር ነው። ካቸር ማለት፣ ለማታውቁት፣ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ፒቸሩ፣ ማለትም ወርዋሪው፣ የሚልካትን ኳስ የሚቀልብ ተጫዋች ነው። ፊቱ ላይ የሽቦ ጭንብል፣ ደረቱ ላይ ጥሩር፣ እግሩ ላይ እንደ ኤሊ ድንጋይ የጠነከረ ነገር ያጠልቃል። የመጀመሪያ ቀን ሳየው ሌሎቹ ሁሉ ቆመው እሱ ብቻ ቁጢጥ ብሏል። «ምን አጥፍቶ ነው?» አልኳት ሚስቴን ሰናይትን። በእኛ ትምህርት ቤት ከሰው ተለይቶ መሬት የሚወርደው ያረፈደ ተማሪ ነበራ!

ሰናይትም ልትገላገለኝ ፈልጋ፣ «በቃ በረኛ ነው በለው» አለችኝ።

ይህን ባትለኝ ጥሩ ነበር። በረኛ ከሆነማ አውቃለሁ! ዝናብ ስለነበር የጃኬቴን ቆብ እስከ ቅንድቤ ድረስ ስቤ፣ አጥሩን ይዤ፣ «ውጣ! ውጣ! በቦክስ አውጣት!» እያልኩ ስጮህ ዋልኩ። አማርኛዬ ያልገባቸው ወላጆች በእንግሊዝኛም እንዲረዱኝ ደግሜ ተረጎምኩላቸው። ጨዋታው ሁለቴ ቆመ። ናሆም ወደ ቤት ስንመለስ «ዳድ፣ ፕሊስ» አለኝ።  ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሥራ ሰዓት ሲሰጠኝ አልተከራከርኩም። የምሠራው ኤርፖርት ነው፤ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በዊልቸር ከበር በር እገፋለሁ። ልጁን ወደ ሜዳ የምታመላልሰው ሰናይት ሆነች። የቡድኑ ሰዎችም እሷን እንጂ እኔን አያውቁም። የሚያውቁት አንድ ጊዜ መጥቶ የጮኸ ጃኬት ብቻ ነው።

ታዲያ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ሰናይት ሥራ ላይ ሳለሁ ኮል አደረገችልኝ።

«ቅዳሜ ስካውት ይመጣል ብሏል ኮቹ።»

«ስካውት? አንገቱ ላይ መሐረብ የሚያስረው?»

«አንተ ሰውዬ! ተጫዋች የሚመለምል ሰው ነው። ሰመር ላይ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለሚጫወት ቡድን ካቸር ይፈልጋሉ። ናሆም እንቅልፍ አጥቷል። ሶ፣ አንተ እንዳትረብሸው።»

እንዳትረብሸው የሚለውን አልሰማሁም። ካቸር ይፈልጋሉ የሚለውን ሰማሁ። ማታ ማታ ኢንተርኔት ላይ ተጥጄ ካቸር እንዴት እንደሚመዘን ማጥናት ጀመርኩ። እጁ ኳስ ሲቀበል ለስለስ ማለት አለበት፤ ጉልበቱ ቶሎ መውረድ፣ ቶሎ መነሳት አለበት። ከሁሉም በላይ ግን ተጋጣሚ ሯጭ ኳሷ ስትወረወር ጠብቆ ወደ ሁለተኛው ማዕዘን ሲፈተለክ፣ በእነሱ አነጋገር ሲሰርቅ፣ ኳሷ የካቸሩ ጓንት ውስጥ ከገባች ጀምሮ እዚያ ማዕዘን ላይ ያለው ጓደኛው እጅ እስክትገባ ያለው ጊዜ ይለካል። ጎበዝ የሚባለው ሁለት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። መልማይ ከመለካቱ በፊት አባት ሊለካ ይገባል ብዬ ወሰንኩና ዋይት ሴንተር የሚባለው ሰፈር ሱቅ ወዳላቸው ወደ ጋሽ ተካ ሄድኩ። ጋሽ ተካ በወጣትነታቸው ሯጮች ያሠለጥኑ ነበር፤ ከሱቃቸው የማይገኝ ዕቃ የለም።

«ጋሼ፣ ስቶፕ ዎች ይኖርዎታል?»

«ለምን ፈለግኸው?»

«ልጄን ልለካበት።»

«ልጅ በሜትር ነው እንጂ በሰዓት ይለካል እንዴ?» አሉና ከመሳቢያቸው አውጥተው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። «ስታስጀምር የላይኛዋን ትጫናለህ፣ ስታቆም የጎኗን። እንዳይሳሳትብህ።»

«አይሳሳትብኝም» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር በእርግጠኝነት የተናገርኩበት ጊዜ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈራኝ ወደ ፊት ትረዳላችሁ።

ቅዳሜ ሰናይት ሊንውድ ሥራ ስለነበራት ናሆምን የጓደኛው ወላጆች ወሰዱት። እኔ አለቃዬን ለምኜ ቀደም ብዬ ወጣሁና በባቡር ሜዳው ያለበት ኮሎምቢያ ሲቲ ወረድኩ። እንግዲህ መልኬን ልንገራችሁ፤ ለኋላው ጥፋት ሁሉ መነሻው እሱ ነው። ጸደይ ሲመጣ የዚህ አገር አበባ ዓይኔን ያስለቅሰኛል፤ ስለዚህ ጥቁር መነጽር አድርጌያለሁ። ፀጉሬ ስለሸሸ ኮፍያ ደፍቻለሁ። ወገቤን ስለሚያመኝ ምሳዬንና የሥራ ጫማዬን በባለ ጎማ ሻንጣ እየጎተትኩ ነው። አንገቴ ላይ የመሥሪያ ቤት ባጅና ስቶፕ ዎች ተንጠልጥለዋል። ሻንጣዬን እያንቀጫቀጭኩ ሄጄ ከሽቦው መረብ ኋላ፣ በትክክል ከካቸሩ ጀርባ ቆምኩ። ከዚያ የተሻለ ልጄን የማይበት ቦታ የለም።

ወዲያው አንድ ረጅም፣ ጉንጩ የቀላ ፈረንጅ ፈገግ እያለ ቀረበኝ።

«ብሬት እባላለሁ» አለኝ እጁን ዘርግቶ። «ከየት መጣህ?»

«ከኤርፖርት።»

«አሁን?»

«አሁን፤ ቀጥታ።»

ሻንጣዬን አየ። «የማን ነህ? ከማን ጋር ነህ?»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። «ብቻዬን ነኝ።»

«አሃ! ለራስህ ነው የምትሠራው። ማንን ልታይ መጥተህ ነው?»

«ካቸሩን።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንዲት ቃል ዋሽቻለሁ? ሰው እውነቱን ተናግሮ እንደዚህ የሚሳሳት ከሆነ ውሸት ለምን ተፈጠረ? ብሬት ግን ፊቱ በራ። ሮጦ ሄዶ ተጣጣፊ ወንበር አመጣልኝ። ሚስቱ ቡና በትልቅ ኩባያ አስያዘችኝ። እኔም «አቤት የዚህ ሰፈር ሰው እንግዳ አቀባበል!» እያልኩ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ ሆት ዶግ መጣ።

«አመሰግናለሁ፣ አልችልም» አልኩ። ጾም ነዋ!

ብሬት ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ፣ «ምንም አይቀበልም። ንጹሕ ሰው ነው» ሲላት በጆሮዬ ሰማሁ። በውስጤ «ስለ ጾም ያላቸው አክብሮት!» አልኩ። ሆት ዶጉ ግን ሽታው አፍንጫዬ ሥር ቆሞ አልሄድም ብሎ ነበር፤ እግዜር ይይልኝ።

ነገሩ የገባኝ አሠልጣኙ በሩጫ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ሲጨብጠኝ ነው። «ሰር፣ ስለመጣህልን ክብር ይሰማናል» አለ። እዚህ አገር «ሰር» ብሎኝ የሚያውቀው መኪናዬን አስቁሞ መንጃ ፈቃድ የጠየቀኝ ፖሊስ ብቻ ነው። ለካስ እነዚህ ሰዎች መልማይ ነው ብለውኛል! «አይ፣ እኔኮ...» ልል አፌን ከፈትኩ። በዚህ መሐል ማካፋት ጀመረና አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ መጥታ ዣንጥላ ዘረጋችልኝ። አፌን ዘጋሁ። ሰው ሕይወቱን ሙሉ ሌላውን ሲገፋ ኖሮ አንድ ቀን እሱን ቁጭ በል ሲሉት ወዲያው ይነሳል? ትንሽ ልቀመጥና እነሳለሁ ብዬ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔ ሹመቱን በጾም አገኘሁት።

አሠልጣኙ ጎንበስ ብሎ፣ «ሁለት ካቸሮች አሉን። ሁለቱንም እንድታያቸው አደርጋለሁ። ናሆም ነበር የሚጀምረው፤ ግን ሉክን ላስቀድምልህ» አለኝ።

ሉክ የብሬት ልጅ ነው። ቡናው፣ ወንበሩ፣ ሆት ዶጉ ምን እንደነበሩ ያኔ ተገለጠልኝ። ናሆም ጥሩሩን ሙሉ ለብሶ ሊገባ ሲል ተጠርቶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንገቱን አቀርቅሮ ቆየና ቀና ሲል በሽቦው ቀዳዳ እኔን አየኝ። ዣንጥላ ተይዞልኝ፣ በክብር ወንበር ላይ፣ ባጄን አንጠልጥዬ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ፊቱን በጓንቱ ሸፈነ።

ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ልጄን የሚያህል ነገር ከሜዳ ያስወጣሁት በገዛ ኮፍያዬ ነው። ተነስቼ እውነቱን ልናገር ስል ብሬት አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሉክን ተመልከተው» አለኝ። «ያ ክንድ ወርቅ ነው።»

ተመለከትኩት። እንዳልሰድበው ጎበዝ ሆነብኝ። ኳሷን ሲቀበል ድምፅ የለውም፤ ከተቀመጠበት ሲነሳ እንደ ስፕሪንግ ነው። ሯጭ ሲሰርቅ ወርውሮ አስወጣው። እኔም ስቶፕ ዎቼን ተጫንኩ።

«ስንት ያዝክ?» አለ ብሬት በጉጉት።

አየሁት። ሠላሳ አንድ ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ይላል፤ ያውም ገና እየቆጠረ ነው። በእጄ ሸፈን አደረግኩትና «አይነገርም» አልኩ። ብሬት በታላቅ አክብሮት ራሱን ነቀነቀ።

«ሌላውስ ልጅ? ናሆም የሚባለው?» አልኩት ድምፄን እንደ ዳኛ አደርቄ።

«ጨዋ ልጅ ነው። ጥሩ ልጅ ነው። ግን ክንዱ ገና ነው፤ ይረበሻል። አይፈረድበትም» አለና ድምፁን ቀነሰ። «አባቱ ትንሽ... እንዴት ልበልህ። ባለፈው መጥቶ እንደ እብድ እየጮኸ ጨዋታ አስቆመ። ‹ውጣ ውጣ› ይላል። ወዴት እንደሚወጣ የገባው ሰው የለም።»

«ይገርማል» አልኩ። 

በጨዋታው አጋማሽ ናሆም ገባ። ዊልያም የሚባል ቀጭን፣ ፊቱ በጠቃጠቆ የተሞላ ልጅም በፒቸርነት ተተካ። እኔ ወንበሬን ትቼ ሽቦው ላይ ተለጠፍኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። የመጀመሪያዋ ኳስ በናሆም ጉልበቶች መሐል አለፈች። ሁለተኛዋ መሬት ነጥራ ጭንብሉን መታችው። ሯጭ ሲሰርቅ ተነስቶ ወረወረ፤ ኳሷ ከሁለተኛው ማዕዘን በላይ፣ ከልጆቹ ሁሉ በላይ በርራ ሣሩ ላይ አረፈች። ዊልያም ደግሞ ጭራሽ እጁ ከዳው። አንዷን ወደ ግራ፣ አንዷን ወደ ቀኝ፣ አንዷን ወደ እኛ ይልካታል። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታያል።

አጠገቤ በትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ የሚቆረጥሙ አንዲት ባለ ነጭ ፀጉር ባልቴት ነበሩ። ኮፍያ የላቸው፣ መነጽር የላቸው፤ የአንዱ ልጅ አያት ናቸው ብዬ ነበር። ሰላም ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ሰላምታው ሁሉ እኔ ዘንድ ስላለቀ።

«ምን ታያለህ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ የያዝኩት ሁሉ ተዘረገፈ። «እማማ፣ ምንም አላይም» አልኳቸው። «እኔ መልማይ አይደለሁም። ኤርፖርት ዊልቸር ነው የምገፋው። ያ ኳስ ያመለጠው ልጅ የእኔ ነው። በእኔ ጦስ ከሜዳ ወጣ፣ በእኔ ጦስ ተረበሸ። አሁን እውነተኛው መልማይ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም፤ ምናልባት ወንበሩን ስለያዝኩበት ተቀይሞ ሄዷል።»

«አውቃለሁ» አሉኝ ሱፋቸውን እየቆረጠሙ።

«ምኑን?»

«አባቱ መሆንህን። ኳሷ እሱን በመታች ቁጥር ‹እህ› የምትለው አንተ ነህ። ደግሞ ስቶፕ ዎችህ ከመጣህ ጀምሮ አልቆመም።»

አየሁት። እውነታቸውን ነው፤ እየቆጠረ ነው።

በዚህ መሐል ናሆም እጁን አነሳና ጨዋታ አስቆመ። ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ቀስ እያለ ወደ ዊልያም ሄደ። አፉን በጓንቱ ሸፍኖ አንድ ነገር ነገረው። ዊልያም እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ናሆም ጨመረበት። ሁለቱም ቀና ብለው ወደ እኛ አቅጣጫ አዩ። ዊልያም ፊቱ ተፈታና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዳኛው በቃችሁ እስኪላቸው ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ልጁ ሌላ ሰው ሆነ። ኳሶቹ እየተከታተሉ ናሆም ጓንት ውስጥ ይገቡ ጀመር። ጧ! ጧ! አንዱ መቺ ስቶ ሄደ፤ ሁለተኛውም ስቶ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ዊልያም አንዲት መጥፎ ኳስ ላከ፤ ሦስተኛው ማዕዘን ላይ የነበረው ሯጭ ነጥብ ሊያስቆጥር ወደ ናሆም ተፈተለከ። ኳሷ መሬት ነጠረች። ናሆም በሁለት ጉልበቱ ወድቆ በደረቱ አቆማት። እኔ «እህ!» አልኩ። እሱ ግን አንስቶ፣ ዞሮ፣ ሯጩ መሬት ላይ እየተንሸራተተ ሲመጣ በጓንቱ ነካው። ዳኛው ጡጫውን አነሳ፤ ሯጩ ወጥቷል!

ስቶፕ ዎቹን፣ ወንበሩን፣ ሹመቴን ረሳሁ። «ጎሽ የኔ አንበሳ! ውጣ! ውጣ!» ብዬ ዘለልኩ። አፌ ሌላ ቃል አልተማረም፤ ምን ላድርግ!

ብሬት ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኔን አየ፣ ኮፍያዬን አየ፣ ሻንጣዬን አየ።

«አንተ...» አለ። «ውጣ ውጣው ሰውዬ!»

«አዎ» አልኩት።

ዣንጥላ የያዘችልኝ ሴትዮ ዣንጥላዋን አጠፈች። ብሬት ወንበሩን አጥፎ ብብቱ ሥር ከተተ። እነሆ ሽረት ማለት ይኸ ነው፤ ደብዳቤ እንኳ አልተጻፈልኝም። በዚያው ጊዜ አሠልጣኙ እየሮጠ መጣ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ አልፎኝ ሄዶ ባለ ሱፏ ባልቴት ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። «ይቅርታ፣ መድረስዎን አላወቅንም!» አላቸው።

መልማይዋ እሳቸው ነበሩ። መሬት ብትከፈትልኝ ሻንጣዬን ሳልይዝ በገባሁ።

ባልቴቲቱ እኔን ዞር ብለው አላሳፈሩኝም። ጨዋታው ሲያልቅ ሉክን ለቡድናቸው እንደሚፈልጉት ለብሬት ነገሩት። የሚገባው ነው፤ ልጁ ጎበዝ ነው። ብሬትም ደስታው በዝቶበት እኔን እንኳ አቀፈኝ። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ እኔ መጡ።

«የልጅህ ክንድ ገና ነው» አሉኝ። «ግን ያድጋል፤ እሱ የሚሠራ ነገር ነው። ሰመር ላይ ከእኛ ልጆች ጋር ልምምድ ይሥራ፣ ከዚያ እንደገና አየዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ያንን ፒቸር ምን ብሎ ነው ያሳቀው? የሚያለቅስ ፒቸር የሚያስቅ ካቸር ብዙ አላየሁም።»

«አላውቅም። እጠይቀዋለሁ» አልኳቸው።

ወደ ባቡሩ ስንሄድ ናሆም ዕቃውን በትከሻው፣ እኔ ሻንጣዬን በእጄ እየጎተትኩ ተጓዝን። ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። በመጨረሻ፣ «ለዊልያም ምን አልከው?» አልኩት።

«ናቲንግ።»

«ሴትዮዋ እንድነግራቸው ጠይቀውኛል።»

 ከዚያ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ በአማርኛ ጀመረ። አማርኛው እንደ አዲስ ጫማ ቢቆነጥጠውም አልተወውም።

«ዊልያም ፈርቶ ነበር። ስካውት እያየው ስለነበር እጁ ተንቀጠቀጠ። ‹ያ መነጽር ያደረገው ሰውዬ ስካውት አይደለም› አልኩት። ‹ያ የእኔ ዳድ ነው። ስለ ቤዝቦል ምንም አያውቅም። ምንም! ስቶፕ ዎቹን ገልብጦ ነው የያዘው። እይ!› አልኩት። እና አየ።»

ቆምኩ። እሱም ቆመ። ይህን ሁሉ ሰዓት ያ ምስኪን ልጅ የተንቀጠቀጠው እኔን ፈርቶ መሆኑ ነው። እንኳን ልጅ አንድ ድመት እኔን ፈርቶ አያውቅም።

«በጣም አሳፈርኩህ፣ አይደል?»

ናሆም አሰብ አደረገ፤ ውሸት አያውቅም። «የስ» አለ። ቀጥሎ የዕቃውን ማንጠልጠያ አስተካከለና ወደ ባቡሩ እያየ ጨመረ። «ግን ዊልያም እሱ በሚወረውርበት ቀን ሁሉ ትመጣ እንደሆነ ጠይቀው ብሎኛል።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«እጠይቀዋለሁ አልኩት» አለና ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብሎ እየጎተተ ቀደመኝ።